የአባ ሚሊሜትር ቁጥር

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ አንድ ደቂቃ ሳያልፍ ሳይጎድል፣ ከቤቷ ወጥታ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ትራመድና የዝናብ መለኪያውን ክዳን ታነሳለች። ውስጥ ያለውን ቆርቆሮ ታወጣለች፣ ውኃውን ወደ መለኪያ ብርጭቆው ትገለብጣለች፣ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከውኃው ፊት ጋር ታስተካክላለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ከዚያ ኢንጂነሩን ትረግማለች። እርግማኑ በመመሪያው ላይ የለም፤ ግን በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ዘንግታው አታውቅም። ጠብ ባላለበት በጋ እንኳ «ዜሮ» ብላ ጽፋ ትረግመው ነበር።

የአየር ሁኔታ ጣቢያው ከከተማው በላይ፣ ኮረብታ ላይ ነው። በሽቦ የታጠረ ግቢ፣ ነጭ የተቀባ የሙቀት መለኪያ ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያው፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ስልክ፤ ይኸው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው ከተማው በሙሉ ይታየዋል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ የመናኸሪያው ሰፊ የቆርቆሮ ጣሪያ። ታዛቢዋ እዚያ ቤት ውስጥ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከተማው በስሟ አይጠራትም፤ «የአባ ሚሊሜትር ልጅ» ነው የሚላት። አባ ሚሊሜትር አባቷ ናቸው፤ ከእሷ በፊት እዚያው ግቢ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ዝናብ የለኩ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው፣ ሰው «እንደምን አደሩ» ሲላቸው የሌሊቱን ዝናብ እስከ ነጥቡ ነግረው ስለሚመልሱ ነው።

«እኛ የምንለካው የትናንቱን ነው፤ የሚጠቀምበት ግን ገና ያልተወለደው ነው» ይሉ ነበር። ድልድይ የሚሠራ፣ ቱቦ የሚቀብር፣ ቤት የሚያቆም ሰው አንድ ቀን መጥቶ መዝገቡን ይገልጥና «እዚህ አገር የወረደው ትልቁ ዝናብ ስንት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ቀን መልሱ እዚያ መገኘት አለበት። ሠላሳ ዓመት በብርድ የወጡት ለዚያች አንዲት ጥያቄ ነበር።

ጠያቂው መጣ፤ መጣና ገደላቸው።

ኢንጂነሩ በከተማው መሀል የሚያልፈውን ወንዝ በቱቦ አስገብቶ፣ ላዩን ደፍኖ፣ መናኸሪያ ሊሠራበት አቀደ። መዝገቡን አስመጣ። ትልቁ ቁጥር አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት ነጥብ አራት ሚሊሜትር ሆኖ አገኘው። ቱቦዎቹ ግን ቀድመው ታዝዘው መንገድ ላይ ነበሩ፤ ስፋታቸውም መቶ ሚሊሜትር ቢዘንብ የሚችል እንጂ ከዚያ በላይ አልነበረም። እንግዲህ ወይ ቱቦው ይመለሳል፣ ወይ ቁጥሩ ይሄዳል።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በጣቢያ ደንብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተለካ ውኃ የሚጻፈው በዚያው ጠዋት ቀን ነው፤ የዘነበው ትናንት ቢሆንም እንኳ። ያ ትልቅ ዝናብ የወረደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ያውም ኮረብታው ላይ ብቻ፣ ከተማው ካፊያ ነው ያየው። ወንዙም ያኔ ገላጣ ስለነበር ሞላና ሄደ፣ ማንም ልብ አላለው። አባ ሚሊሜትር እሑድ ጠዋት ለኩና እሑድ በሚለው መስመር ላይ ጻፉት። እሑድ ደግሞ፣ የዕድል ነገር ሆኖ፣ ኢንጂነሩ ያገባበት ቀን ነው።

«በሠርጌ ቀን ድግሱ ሜዳ ላይ ነበር፤ አንድ ጠብታ አልወረደም» አለ ኢንጂነሩ በስብሰባው ላይ፣ መዝገቡን ለሰው ሁሉ ከፍ አድርጎ እያሳየ።

አባቷ ደንቡን ሊያስረዱ ተነሡ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረሱም። ኢንጂነሩ ፈገግ አለና፣ «አባ ሚሊሜትር ብርጭቆዋን ለዝናብ ብቻ አይደለም መሰለኝ የሚገለገሉባት» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቷ መጠጥ ባፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ነበሩ። እሳቸው እንደቆሙ፣ ኢንጂነሩ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ቁጥሩ ላይ ሰረዘበት፣ ከጎኑም «የታዛቢ ስህተት» ብሎ ፈረመ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊው፣ ከተማው «ጋሽ ፊሽካ» የሚላቸው። አውቶቡስ የሚያስነሡትም፣ ሌባ የሚያባርሩትም፣ ሰው የሚጠሩትም በአንገታቸው ባንጠለጠሏት ፊሽካ ነው። አባቷን እስከ ኮረብታው ድረስ የሸኟቸውም እሳቸው ናቸው።

አባቷ በዚያው ዓመት በጡረታ ተሸኙ። ከተማ መውረድ ተዉ። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፤ እናቷ ሳቅ ነው አሉ።

ልጅቷ ያኔ ሌላ ትምህርት ጀምራ ነበር። አቋረጠችና ለታዛቢነት ተፈተነች፣ አንደኛ ወጥታ አለፈች። የቅጥር ደብዳቤዋን የፈረመው ኢንጂነሩ ነው፤ ጣቢያውንም መናኸሪያውንም የሚያስተዳድረው የከተማው ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ ሆኖ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ብላ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ያ የተሰረዘ ቁጥር ተመልሶ እንዲመጣ። በሌላ ሰው ቃል ሳይሆን በሰማይ ራሱ፣ ኢንጂነሩ ጣሪያ ላይ።

እንግዲህ ዝናብ ለመጠበቅ የተቀጠረች ሴት ጎርፍ ስትመኝ ኖረች ማለት ነው። ክረምቱ በወጣ ቁጥር «ዘንድሮም አልመጣም» ብላ ታዝናለች። እናቷ በበኩላቸው ማታ ማታ ይጸልዩ ነበር፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለእሳቸው የተተረተ ይመስል፣ ጸሎታቸው መሀል ላይ የመናኸሪያውን ጣሪያ በጣታቸው ያመለክቱ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናቡ ጀመረ። ሲጀምር የዋህ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ግን ከነጩ ሳጥን እስከ በሩ ያለው መንገድ መታየት አቆመ። በእንዲህ ያለ ቀን ጠዋት አይጠበቅም፤ ታዛቢ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ካስፈለገም ከዚያ በፊት፣ ወጥታ ትለካለች፤ መዝገቡም ለዚህ ሲባል ከአባቷ ዘመን በኋላ የተጨመረ የከባድ ዝናብ ገጽ አለው፣ ሰዓት የሚጻፍበት። ብርጭቆው የሚይዘው ዐሥር ሚሊሜትር ነው። ሞላ፣ ተደፋ፣ በወረቀት ላይ አንድ ጭረት። ሞላ፣ ተደፋ፣ ሌላ ጭረት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሃምሳ ሁለት ሆነ።

ስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ አንድ መቶ አንድ ነጥብ ስድስት። መመሪያው ግልጽ ነው፤ መቶ ሲሞላ ይደወላል። ከኮረብታው የወረደ ውኃ መናኸሪያው ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ መቶ ላይ የተደወለ ስልክ መናኸሪያውን እቃ እየሸከፉ ለማስለቀቅ ይበቃል። ሰዓቱን ጻፈች፣ ገባች፣ ስልኩን አነሣች።

እናቷ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። እንዳልተቆጣ ሰው ቀስ ብለው፣ «ለማን ልትደውዪ ነው?» አሉ።

«ለጽሕፈት ቤቱ ነዋ።»

«የአባትሽን ቁጥር ሰርዘውታል አይደል? የተሰረዘ ቁጥር አይደወልም። ዝም በይ፣ ይምጣበት።»

«ሰው አለ እኮ እዚያ፣ እማዬ።»

«አባትሽስ ሰው አልነበረም?»

ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው። ግን ጨርሶ ዝም ለማለት አይደለም፤ ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች። መቶ ብላ ብትደውል ኢንጂነሩ መናኸሪያውን ያስለቅቃል፣ ምስጋና ይቀበላል፣ ማታ በሬዲዮ ይናገራል። ዝናቡ ደግሞ አንድ መቶ ሃምሳ ላይ ቢቆም፣ አባቷ እንደተሰረዙ ይቀራሉ። ትንሽ ብቻ ትጠብቃለች። አንድ መቶ ሰማንያ ሦስት ነጥብ አራትን ይለፍ፤ ያን ጊዜ ትደውላለች፣ ቁጥሩንም በጆሮው ውስጥ ትጨምርለታለች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ዘጠኝ ከዐሥር ላይ አንድ መቶ ሰባ አንድ ነጥብ ስምንት። አሁን መግባትም ተወች፣ መለኪያው አጠገብ ቆመች፤ ዝናቡ በአንገቷ ገብቶ በጫማዋ ይወጣል። ብርጭቆው በሞላ ቁጥር ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ እናቷ ከበሩ ላይ ሆነው ይቀበሏታል። ሁለቱ ሴቶች እንዲያ ሆነው ካዩዋቸው እህል የሚሰፍሩ ይመስላሉ። ዘጠኝ ከሃያ አምስት ላይ አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት ነጥብ ሁለት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ሮጣ ገብታ ደወለች። ተረኛው አላነሣም፤ ያነሣው ራሱ ኢንጂነሩ ነው። ቁጥሩን ቀስ ብላ፣ እስከ ነጥቡ ነገረችው።

«እስቲ ረጋ ብለሽ እንደገና ቁጠሪ» አለ። «ብርጭቆ መሳት በዘር የሚወረስ እንዳይሆን።»

ያን ጊዜ ገባት። የማን ልጅ እንደሆነች ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ አልረሳም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያወቀ፣ የሷን ቁጥር በየወሩ እየተቀበለ፣ ከት ብሎ ሳይስቅ ያለፈበት ቀን ላይኖር ይችላል።

«ኃላፊ፣ መናኸሪያውን ያስለቅቁ» አለችው።

«ገበያተኛ በሞላበት ሰዓት በብርጭቆ ቆጠራ መናኸሪያ አላስለቅቅም። ቆጥረሽ መልሰሽ ደውዪ» ብሎ ዘጋው።

ከጽሕፈት ቤቱ በቀር ለማንም ቁጥር መስጠት ክልክል ነው። ለጋሽ ፊሽካ ደወለች። እሳቸው ሰላምታም አላስጨረሷት፤ «ስንት ነው?» ብቻ አሏት። ነገረቻቸው። «አባትሽ ብለውን ነበር እኮ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ወረወሩት፤ ፊሽካው በስልኩ ውስጥ ሲጮኽ ሰማች፣ ከዚያ የሰው ጫጫታ፣ ከዚያ የብዙ ሰው ሩጫ።

የቀረው ጊዜ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። ቱቦው የቻለውን ያህል ጠጣ፣ አልችል ሲል ደግሞ ወለሉን ፈነቀለና ወደ ላይ ተፋው። አውቶቡሶቹ ተንሳፈፉ። ከአራት መቶ የሚበልጥ ሰው ከላይኛው አስፋልት ላይ ቆሞ በሕይወት ተመለከተ፤ ጋሽ ፊሽካ ያስወጡት ነው። እሳቸው ግን የኋለኛው አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ የጣላቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ ሲባሉ ተመልሰው ገቡ። ሽማግሌዎቹን በመስኮት አሳለፏቸው። የጋሽ ፊሽካ አስከሬን ግን በማግስቱ ከከተማው በታች ተገኘ።

ወሬውን ማታ በስልክ ሰሙ። ታዛቢዋ ደስታዋን ፈለገችው፣ የለም። እናቷ መቀመጫቸው ላይ ኩርምት ብለው፣ «ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር» እያሉ አለቀሱ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኢንጂነሩ መልሱን ቀድሞ በሬዲዮ አሰምቷል፦ በመዝገብ ታይቶ የማይታወቅ ዝናብ ነው፣ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ታዛቢዋ የአባቷንና የራሷን መዝገብ ይዛ እንድትቀርብ ተጠራች። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። የአባቷ መዝገብ ኢንጂነሩን ይቀብረዋል፤ ፊርማው እዚያ አለ። የእሷ መዝገብ ደግሞ ያ ዝናብ ተመልሶ መምጣቱን ይመሰክራል። ብቻ የከባድ ዝናቡ ገጽ ላይ፣ መቶ ካለው ቁጥር ፊት፣ «8፡10» ይላል።

የጣቢያ መዝገብ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም በዝናብ ይፈሳል። እናቷ መጥተው ላጲስ አጠገቧ አስቀመጡ።

«የሰዓት ነገር ነው። ዘጠኝ ከሃያ ብትዪው፣ ከሥሩ ያሉትንም ብታጠፊያቸው ማን ያውቃል? እሱ ተይዞ ይሄዳል፣ አባትሽ ይነሣል፣ አለቀ።»

«እማዬ፣ እሱስ ምን አደረገ? አንድ ቁጥር ብቻ እኮ ነው የሰረዘው።»

«እኔ ነኝ ስልኩን ያስጣልኩሽ። እኔ ልናገር እንግዲያ።»

«ስልኩ የተሰጠው ለእኔ ነው» አለችና መዝገቡን ዘጋችው። ጻድቅ ስለሆነች አይደለም። ኢንጂነሩን በሐሰተኛ መዝገብ ከጣለችው መውደቁ ደስ አይላትም፤ እሱም እሷም አንድ ይሆናሉ። እሱን ንጹሕ በሆነ ነገር ልትመታው ፈለገች፣ ዱላው እሷንም ቢያገኛት። የሚያስፈራው ነገር ይህን ስታስብ አለመፍራቷ ነው።

አዳራሹ ያው አባቷ የተሳቀባቸው አዳራሽ ነው። ኢንጂነሩ የአባቷ መዝገብ ሲገለጥ አልደነገጠም። ያችን የሠርጉን ነገር ደገማት፤ እሑድ ፀሐይ ነበር፣ ምስክር ብትሉ ሁለት መቶ እንግዳ አለኝ አለ። ታዛቢዋ ፈቃድ ጠይቃ ተነሣች። የራሷን መዝገብ ገልጣ ሰብሳቢዋ ፊት አስቀመጠች፤ ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

«ጎርፉ የመጣው ምን ቀን ነበር?» ብላ አዳራሹን ጠየቀች። ማክሰኞ አሉ፤ ያልሰማ አልነበረም። «የዕለት መዝገቡ ላይ ግን ረቡዕ በሚለው ላይ ነው ያለው። ድምሩ የተጻፈው ረቡዕ ጠዋት ነዋ። ረቡዕ ፀሐይ ነበር፤ ሬሳ ያወጣነው በፀሐይ ነው። እንግዲህ በኃላፊው አቆጣጠር ጎርፉ አልመጣም ማለት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን አድርገው ብዙ ተመለከቱ፤ ከዚያ ቀዩን ሰረዝ ለኢንጂነሩ አሳይተው ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቁት። የእኔ ነው አለ። ደንቡን ያኔ ያውቅ እንደነበር ጠየቁት። ቱቦዎቹ ታዝዘው መንገድ ላይ እንደነበሩ ሊያስረዳ ሞከረ፣ ሳያስበው ሁሉን ተናገረ። ከኋላ የሆነ ሰው «አባ ሚሊሜትር ነፍሳቸውን ይማረው» አለ። እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ታዛቢዋ ኢንጂነሩ ሲቀመጥ፣ ትከሻው ሲወርድ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ሲጠፋው ዓይኗን ሳትነቅል አየች፤ አንዲቷም አላመለጠቻትም። ጣፋጭ ነበር፤ መዋሸት ምን ያደርጋል።

ሰብሳቢዋ የታዛቢዋን የከባድ ዝናብ ገጽ ገለጡ። ጣታቸው በሰዓቱ ዓምድ ላይ ወረደ፣ ቆመ፣ ተመልሶ ወጣ።

«መቶ ያለፈው ስምንት ከዐሥር ላይ ነው» አሉ። «የደወሉት ዘጠኝ ከሃያ አምስት። በመሀሉ ስልኩ ተበላሽቶ ነበር እንዴ?»

መውጫ በር ነበር፤ ሴትዮዋ በቅንነት ነው የከፈቱላት። ኢንጂነሩ አንገቱን ቀና አደረገ።

«አልተበላሸም» አለች።

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር?»

«ቁጥሩ የአባቴን እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ ሰብሳቢዋን አየ፤ ሰብሳቢዋ «ጻፍ» አሉት። ከፊት ባለው ረድፍ፣ ጥቁር የለበሱት የጋሽ ፊሽካ ባለቤት እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት ያዩ ነበር። አሁን ቀና ብለው አዩዋት። አላለቀሱም፣ አልጮኹም፤ ትክ ብለው አዩዋት። ያ አስተያየት ለታዛቢዋ እንግዳ አልነበረም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ፣ በመስተዋት ውስጥ ያየችው ነው።